ሦስተኛ ክፍል ነኝ በይ

ታላቅ እህቴ ልብስ ሰፊ ናት። የሠፈራችን ተማሪ ከለበሰው ዩኒፎርም ግማሹ ከእሷ እጅ የወጣ ነው ብል አላጋነንኩም። ትምህርት ሊከፈት ሲል ጠባቧ ሱቋ በሰማያዊ ጨርቅ ትሞላለች፤ መቆሚያ ስለማይኖር ደንበኛው ደጃፉ ላይ ሆኖ ይለካል። ሜትሩ አንገቷ ላይ፣ ስፒሉ ከንፈሯ መሃል፣ ጨርቅ የምታሰምርበት የሳሙና ስባሪ ጣቷ ላይ ነው። የማንንም ልጅ ትከሻ በዓይኗ አይታ ልኩን ትነግራችኋለች። የገዛ ልጇን ግን ለትምህርት ቤት ለክታት አታውቅም ነበር።

ልጅቷን ጮሌ ነው የምንላት። እግሯ ከተወለደች ጀምሮ አይታዘዛትም፤ አባቷ «በእኛ ዘር እንዲህ ያለ የለም» ብሎ ዘሩን ይዞ ሄደ፣ መንገዱን ጨርቅ ያድርግለት። እግሯ የተወውን ሥራ ምላሷ ደርቦ ይሠራል። ዊልቸሯን ከማሽኑ ጎን አስጠግታ ቁልፍ ስትተክል ትውላለች፤ ደንበኛ ከመጣ አትለቀውም።

«ጋሼ፣ ይቺ ሱሪ አምናም መጥታ ነበር እኮ! እሷ ናት ያጠረችው ወይስ ልጅዎ ነው የረዘመው?»

«አንቺ ልጅ፣ በአፍ ይጠፉ በለፈለፉ!» ትላታለች እናቷ። ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትስቃለች።

ለትምህርት የደረሰች ጊዜ እህቴ አዝላ ወሰደቻት። ዳይሬክተሩ ትሑት ሰው ነው፤ ባለጌ ቢሆን ይሻል ነበር፣ ሰድባውም ትወጣ ነበር። ወንበር ስቦ ሰጣት፣ የልጅቷን ራስ ዳበሰና «ደረጃው አይሆናትም፣ ብትወድቅብን ማን ይጠየቃል? ለራሷ ብለን ነው» አለ። በዓመቱ ስትመለስ ምክንያቱ መጸዳጃ ቤቱ ሆነ። ከዚያ ደግሞ የአንደኛ ክፍሏ አስተማሪ «ሌሎቹን ታዘናጋብኛለች» አለች። ማንም ልጅ ከትምህርት አይከለከልም የሚለው ሕግ በትልቁ ተጽፎ ቢሮው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይኸው ነው።

አንድ ቀን ይኸው ዳይሬክተር ራሱ ሱቋ ድረስ መጣ። ለካ የሆኑ ለጋሾች ለትምህርት ቤቱ የዊልቸር መወጣጫ አሠርተውለት፣ እሱን ሊመርቁ ሊመጡ ነው። መወጣጫው አለ፣ ሲሚንቶው ደርቋል፤ የጎደለው የሚወጣበት ሰው ብቻ ነው።

«ልጅሽን አዘጋጂልኝ» አላት። «ዩኒፎርም ትልበስ።»

«ልትቀበሉልኝ ነው?»

«ነገሩ ጥሩ ሂደት ላይ ነው፣ እህቴ። ብቻ እንግዶቹ ስንተኛ ክፍል ነሽ ካሏት ሦስተኛ ትበል። እኩዮቿ እዚያ ደርሰዋል፤ ይህን ያህል ጊዜ የት ነበረች እንዳይሉን።»

እህቴ የሰማችው «ልትቀበሉልኝ ነው» የሚለውን የራሷን ድምፅ ነው መሰለኝ። የሰውን ሥራ ሁሉ ወደ ጎን አድርጋ የልጇን ጨርቅ ዘረጋች። የተቀመጠ ሰው ልብስ እንደ ቆመ ሰው አይቆረጥም፤ ኮቱ ከፊት ካላጠረ ጭን ላይ ይከመራል፣ ቀሚሱ ከኋላ ካልረዘመ ወገብ ያጋልጣል። ሽንሽኑን ከፊት ብቻ አደረገችው፣ ስትቀመጥበት እንዳይጎረብጣት። ከሰፋችው ልብስ ሁሉ እንደዚያ ያማረ አላየሁም።

«እኔ እኮ ሦስተኛ ክፍል አይደለሁም» አለች ጮሌ፣ እየተለካች።

«ነገ ትሆኛለሽ።»

«እንግዲያው ነገ እላለኋ!»

«ያሉሽን በይ! ይቺን አንዲት ቀን እንኳ ምላስሽን ሰብስቢልኝ፣ በሞቴ!»

እንግዶቹ መጡ። ጮሌ አዲሱን መወጣጫ በገዛ እጇ እየገፋች ወጣች፤ ተጨበጨበ፣ ፎቶ ተነሣ። መወጣጫው የሚያደርሰው በረንዳው ላይ፣ የዳይሬክተሩ ቢሮ ደጃፍ ነው። የመማሪያ ክፍሎቹ ከዚያ ወዲያ፣ በደረጃ ተወጥቶ ነው ያሉት። እንግዶቹም ጉዳያቸው እስከ ቢሮው ስለነበር ወዲያ አላዩም። ከመካከላቸው የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ጎንበስ ብሎ፣ «የኔ ቆንጆ፣ ስንተኛ ክፍል ነሽ?» አላት።

ጮሌ እናቷን አየት አድርጋ «ሦስተኛ» አለች።

«ትምህርት ትወጃለሽ?»

«በጣም!» ይሄኛው እንኳ ውሸት አልነበረም።

በማግሥቱ እህቴ ሱቋን ዘግታ በጠዋት ይዛት ሄደች። ዘበኛው በሩን ገርበብ አድርጎ «ዛሬ ደግሞ ምንድን ነው?» አላት።

«ልትማር ነዋ!»

«እኔ የታዘዝኩት ለትናንት ነው፣ እትዬ።»

ልጆቹ እየተጋፉ ባጠገባቸው ገቡ፤ የሁሉንም ኮሌታ እህቴ ታውቀዋለች። ዳይሬክተሩ ሲደርስ ያው ትሕትናው ነው። «ታገሺ፤ የምትደግፋት ሠራተኛ ስትመደብልን እናስጠራሻለን» አለና ገባ። የጠራት ግን የለም። ዳይሬክተሩ መወጣጫውንም ሥራ አላስፈታውም፤ ሞተር ብስክሌቱን ዝናብ እንዳይመታበት በእሱ እየገፋ በረንዳው ላይ ያወጣበታል።

ደጅ መጥናቱ ሲመራት ጮሌን ይዛ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሄደች። ጠረጴዛው ጋ የተቀመጠው ያው ኃላፊ ነበር። ልጄን ያውቃታል፣ ዛሬስ ቀናን ብላ ደስ አላት፣ የኔ የዋህ።

«ኦ! ሦስተኛ ክፍሏ መጣች!» አለ ሰውየው፣ ፈገግ ብሎ።

«ጌታዬ፣ ልጄ እኮ አልተማረችም። ትምህርት ቤቱ አላስገባም አለኝ።»

«እንዴት ተደርጎ? በዓይኔ አይቻታለሁ! በገዛ አፏ ነግራኛለች! ያ ትምህርት ቤት ማንንም አይለይም ብለን ለበላይ አስታውቀናል።»

ካፍ ከወጣ አፋፍ ይሉ የለ፤ ያቺ «ሦስተኛ» የምትል ቃል ከልጅቷ ቀድማ ተመዝግባ ቆየቻት።

«ያን ቀን ብቻ ነው ያስገቧት» አለች እህቴ።

ሰውየው ወደ ጮሌ ዞረ። «ሦስተኛ ክፍል ነኝ አላልሽኝም?»

«ብያለሁ።»

«ታዲያ ዋሽተሽኝ ነው?»

ጮሌ እናቷን አየቻት። «እማዬ ናት በይ ያለችኝ።»

ሰውየው ወንበሩን ተደግፎ ራሱን ነቀነቀ። «ይኸውልሽ እህት፣ ልጅሽን ውሸት እያስተማርሽ ትምህርት ቤቱን ትከሻለሽ?»

የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ! ዳይሬክተሩ ነው ያዘዘኝ ብትለው ምስክር አለሽ ወይ አላት። ያን ቀን ሱቁ ውስጥ የነበሩት እሷ፣ ዳይሬክተሩና ጮሌ ናቸው፤ ጮሌ ደግሞ ከእንግዲህ ውሸታም ሆና ቀርታለች። «ቀጣይ ባለጉዳይ!» ተባለ። እኔ ብሆን ጠረጴዛውን ገልብጬበት እወጣ ነበር። እህቴ ይቅርታ ጠይቃው ወጣች። ይቅርታ! ስትነግረኝ አንጀቴ ነው ያረረው።

ወደ ቤት ሲመለሱ ጮሌ ዝም አለች። ያቺ ግንብ የምታናግር ልጅ! ሁልጊዜ ሳትለክፈው የማታልፈው ጫማ ጠጋኝ «ጮሌ፣ ዛሬ ደግሞ ማን ዘጋሽ?» ብሎ ጮኸላት፤ ቀና ብላም አላየችው። እህቴ ጭንቅ አላት። ዊልቸሩን ጥግ አስያዘችና ከፊቷ ቁጢጥ ብላ፣ «ምን ሆንሽብኝ፣ የኔ እናት? ተናገሪ እንጂ!» አለቻት።

«ምን ልበል?» አለች ጮሌ፣ ዓይኗን ከጉልበቷ ሳታነሣ። «አንቺ ንገሪኝና እሱን እላለሁ።»