ለአንድ ሰው የተሠራች ሞተር

ሞተሬን ቆቦ ያስገባኋት ቀን ከተማው ቆሞ የሚያጨበጭብልኝ መስሎኝ ነበር። መብራቷ ክብ፣ መሪዋ ዝቅ ያለ፣ ከመቀመጫዋ ኋላ ጉብታ ያላት፣ የድሮ የውድድር ሞተር አስመስለው አሁን የሠሯት አዲስ ሞተር ናት። አንዱ ባለባጃጅ ዞሮ አያትና፣ «አይዞህ መምህር፣ ቀስ ብለህ ደግሞ አዲስ ትገዛለህ» አለኝ። ቅጥል አልኩ! የውድድር ታሪኳን ሳስረዳ፣ ተወዳዳሪዎቹ ደረታቸውን የነዳጁ ሰልባቲዮ ላይ ለጥፈው እንደሚነዱ ስናገር፣ ባለባጃጆቹ ይጠቃቀሱብኛል። እኔም እልህ ይዞኝ ሮቢት ድረስ ደረቴን ለጥፌ እሄዳለሁ፤ ወገቤን ይዤ እመለሳለሁ።

ያን ሰሞን ጎብዬ የምትሠራ ነርስ ወድጄ ነበር። እሷ እሺ ብላኛለች፤ የቀሩት አባቷ ናቸው። ዘመዶቼ ጎጃም ስለሆኑ አከራዬ ሽማግሌ ሰብስበው ሄዱልኝ። በወጉ ጠያቂው ልጅ በዚያ ቀን በሰፈሩ ዝር አይልም። እኔ ግን ምን እንደቀበጠኝ እንጃ፣ አባትየው ሞተሯን ቢያዩልኝ ብዬ ከኋላ ተከተልኳቸው።

ደጃፋቸው ስደርስ በሞተሯ ጩኸት ዶሮው ሁሉ ተበተነ። ሽማግሌዎቹ ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ አባትየው ዱላቸውን ይዘው ወጡ። አከራዬ ከኋላቸው ሆነው ዓይናቸውን አፈጠጡብኝ።

«የማን ልጅ ነህ?» አሉኝ አባትየው።

«እ... እኔ ነኝ ጋሼ። ሽማግሌ የላክሁት።»

አልተቆጡም። ሞተሯን ዞረው ዞረው አዩዋት፤ እኔ ሞኙ ደስ አለኝ። የውድድር ዘር እንዳላት ልነግራቸው ስል ጉብታዋን በዱላቸው ነካ አደረጉና፣

«ልጄን የት ላይ ልታስቀምጣት ነው?» አሉኝ።

ስገዛት ከራሴ በቀር ማንንም አላሰብኩም። እሳቸውም ለሽማግሌዎቹ ሌላ ቀን ቀጥረው ሸኟቸው።

ቆቦ ስመለስ በቀጥታ በያጅ ቤት ገባሁ። ጉብታዋ ተነቅላ ረጅም መቀመጫ ገባላት፤ የውድድሩም ነገር በዚያው አበቃ። በቀጠሮው ቀን እኔ ቤቴ ተቀመጥኩ፤ ሞተሯን ግን ላክኋት። ጓደኛዬ ነዳ፣ አከራዬ ጋቢያቸውን ሰብስበው ከኋላ ተፈናጠጡ።

አመሻሽ ላይ ተመለሱ። አባትየው ስለ እኔ አንድም ነገር አልጠየቁም አሉ። መጀመሪያ አዲሱ መቀመጫ ላይ ወጥተው ተቀመጡ፣ ወዲያ ወዲህ ተነቃነቁ፣ «ይመቻል» አሉ። ከዚያ ገብተው ልጃቸውን ሰጡን።

ወይ ጉድ! ለዚያች ጉብታ ስል ልጅቷን ላጣት ነበር እኮ።