ከማማ ማማ የሚጮኽ ተረት

እንዴት አመሻችሁ፤ እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ። አላስረዝምባችሁም፣ እራት ሳይቀርብ እጨርሳለሁ። ባለቤቴ እናንዬ «እሱ አላስረዝምም ካለ ትራስ ይዛችሁ ኑ» ትላለች፤ አትስሟት። እሷ ይህን ወሬ ግማሹን ከኔ በፊት ታውቀዋለች፤ እንዴት እንደሆነ ስደርስበት እነግራችኋለሁ።

ልጅ ሳለሁ ተረት የሰማሁት በጩኸት ነው። ሌላው ሰው ተረት ሲባል እሳት ዳር ተኮልኩለው በለሆሳስ የሚጫወቱት ነገር ይመስለዋል። እኛ ዘንድ ግን ተረት እንደ አዋጅ ነበር የሚጮኸው፣ ከአንዱ ማማ ወደ ሌላው ማማ፣ በበቆሎ ማሳ ላይ። ከቡሬ ወጣ ብላ ያለችው መንደራችን ያኔ በቆሎው እሸት ሲይዝ ከሩቅ አትታይም ነበር፤ ቤቱን ሁሉ በቆሎው ይውጠውና ጭሱ ብቻ ይቀራል። ታዲያ እሸት የሚወደው ሰው ብቻ አይደለም። ጦጣ በቀን ትመጣለች፣ ጃርት ደግሞ ለዓይን ያዝ ሲያደርግ። ጃርት ለማያውቃት አገዳውን ከሥሩ በመጋዝ እንደ ቆረጡት አድርጋ ትጥለዋለች፤ አንድ ትበላለች፣ አሥር ታበላሻለች። ግን የሰው ድምፅ ትፈራለች። ስለዚህ ማማ ላይ ወጥቶ ማውራት ነው። ብቻውን የሚያወራ ሰው ደግሞ ወይ እንቅልፍ ይወስደዋል ወይ አበደ ይባላል። የእናቴ ወንድም አያ ስንሻውና ከማሳው ማዶ ያሉት ጎረቤታችን አያ ጫኔ ለዚህ መላ አበጁለት፤ ማማ ለማማ ሆነው ተረት ይጫወታሉ።

አያ ስንሻው እኔን ይዘውኝ ይወጡ ነበር። ማማው በአራት ባላ ላይ የተረበረበ እንጨት ነው፣ ክዳኑ ሣር። መሀሉን በጭቃ ይመርጉትና የገል ስባሪ ያስቀምጡበታል፣ ገሉ ላይ የቆረቆንዳ ፍም፤ ቆረቆንዳ ማለት ፍሬው ተፈልፍሎ የሚቀረው የበቆሎ አጥንት ነው። ጭሱ ቢንቢውን ያባርርልናል፣ እኛንም ያስለቅሰናል። ያኔ የሰማሁትን ተረት ሁሉ እንባዬን እየጠረግሁ ነው የሰማሁት፣ የሚያስቀውንም ጭምር። ከማዶ የአያ ጫኔ ኩራዝ እንደ ድመት ዓይን ቁልጭ ቁልጭ ትላለች። አያ ስንሻው ሁለት እጃቸውን አፋቸው ላይ ከበብ ያደርጉና «ተረት ተረት!» ይላሉ፤ ድምፁ በቆሎውን ተሻግሮ እስኪደርስ ትንሽ ይቆይና ከወዲያ «የላም በረት!» ይመጣል።

ከሁሉ የምወደው የጦጣና የጃርት ተረት ነበር። ጦጣና ጃርት የሰው ማሳ ሊሰርቁ ተማከሩ። ጦጣ «እኔ ከላይ ከላዩ እበላለሁ፣ አንቺ ከታች ከታቹ ብይ፣ እንዳንጣላ» አለች። ጃርትም እሺ አለችና ተማማሉ። ጦጣ አገዳው ጫፍ ላይ ወጥታ እሸቱን እየላጠች «አይ፣ የላይኛው ኑሮ እንዴት ይጣፍጣል» እያለች ስትመጻደቅ፣ ጃርት በውሏ መሠረት ከታች መቁረጧን ጀመረች። ከዚያ በኋላ ያለውን እናንተው ጨርሱት፤ ጦጣ የወደቀችው መሬት ላይ እንኳ አይደለም፣ የጃርት ጀርባ ላይ ነው።

ችግሩ ነፋሱ ነበር። ነፋስ ሲነሳ ያ ሁሉ በቆሎ ይንሿሿና ተረቱን ከመሀል ይበላዋል። ያኔ ከማዶ አንዲት ቃል ብቻ ትመጣለች፤ «አይሰማም!» አያ ስንሻው አይቆጡም፣ ነፋሱ እስኪያልፍ ፍሙን እፍ እፍ ይሉና ከጠፋው ቦታ ጀምረው ይደግሙታል። አያ ጫኔ ሲያወሩ ደግሞ «አይሰማም!» ባዮች እኛ ነን። እንዲያም ሆኖ አንዳንዱ ነገር እንደ ጠፋ ይቀራል፤ እኔ የማውቀው ተረት ሁሉ አንድ አንድ ቀዳዳ አለው። እናንዬ የአያ ጫኔ ልጅ ናት፣ ያኔ አባቷ ማማ ላይ ነበረች። ተጋብተን አንድ ቀን ተረታችንን ብናስተያይ የእኔን ቀዳዳ እሷ ታውቀዋለች፣ የእሷን እኔ። ለምን አገባሃት ብትሉኝ እንግዲህ ለዚህ ነው እላለሁ፤ እሷ የምትለው ሌላ ነው።

አንድ ማታ የአያ ስንሻው ላም ምጥ ያዛትና ከማማ ወረዱ። «ተረቱን አንተ ቀጥል፣ ድምፅ እንዳይጠፋ» ብለውኝ ሄዱ። ዘጠኝ ዓመት ቢሆነኝ ነው። እንደ ምንም «ተረት ተረት» አልኩ፣ «የላም በረት!» መጣልኝ። የማውቀውን ተረት ለራሴ ደረት ነገርኩት። ከማዶ «አይሰማም!» አሉ። ትንሽ ጨመር አደረግሁ። «አይሰማም!» ሦስተኛ ሲሉኝ አለቀስኩ፤ ይህንን እንኳ በጭሱ አላሳብብም። ሰው ሁሉ እየሰማ ያዋረዱኝ መሰለኝና ጥቅልል ብዬ ተኛሁ። ሲነጋ የማሳው አንዱ ጥግ አጎንብሶ እንደሚሰግድ ሰው ተደፍቷል።

አያ ስንሻው አልመቱኝም። እጄን ይዘው አያ ጫኔ ቤት ወሰዱኝ። አያ ጫኔ ደጃቸው ላይ ጅራፍ እየገመዱ፣

«አንተ ሰውዬ፣ ምነው ትናንት ዘጋህብኝ?» አሉኝ።

«አንቱ ሰደቡኛ።»

«እኔ? ምን ብዬ?»

«አይሰማም ብለው።»

ሁለቱም ሳቁ። እንዲህ ሲስቁ ይባስ ተናደድኩ። አያ ስንሻው ቁጢጥ ብለው ዓይኔን እያዩ «ስማ፤ አይሰማም ያለህ ሰው እኮ ጆሮውን ቀስሮ የተቀመጠልህ ሰው ነው። የማይፈልግህማ ዝም ነው የሚልህ» አሉኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ዝም ብዬ አላውቅም፤ እናንዬን ጠይቋት።

ይኸው ስንት ዘመን አለፈ። ሰው ከገጠር ወደ ከተማ ይሄዳል፤ እኛ ግን አልሄድንም፣ ከተማው ራሱ በእግሩ መጣ። መጀመሪያ ለኪዎች መጡ፣ አናቱ ቀይ የተቀባ ችካል በየማሳው ተከሉ። እኛ ደግሞ ደህና ችካል አገኘን ብለን ጥጃ አሰርንበት። ጥጃው ነቅሎት ሄደ፣ መልሰን ተከልነው፣ የት እንደነበር ግን ማን ያስታውሳል። በኋላ መንገዱ በእኛ በኩል ትንሽ ጎበጥ ብሎ ሲወጣ መሐንዲሱ በጣም ተገረመ አሉ፤ እኛ አልተገረምንም። ከዚያ ፋብሪካው መጣ፣ ከፋብሪካው ጋር ሠራተኛው፣ ከሠራተኛው ጋር ብሎኬቱ፣ ሱቁ፣ ቆርቆሮ አጥሩ። አልዋሻችሁም፣ ብዙውን ወድጄዋለሁ። ውኃው ደጄ ላይ ነው፣ መብራቱ ይመጣል፣ ይሄዳል፣ ግን ይመጣል። እናንዬ ከቀረን ጓሮ የሚደርሰውን እሸት በር ላይ እየጠበሰች ለፈረቃ ሠራተኛው ትሸጣለች፤ በልጅነታችን ከጃርት የጠበቅነውን አሁን ሰው በገንዘቡ እየበላው ነው፣ ያውም «ትንሽ ይረር» እያለ።

አያ ጫኔ ይህን ሁሉ ሳያዩ አረፉ። ማሳቸው ላይ አንድ ፎቅ ያለው ቤት ተሠራ፤ በረንዳው ልክ ማማቸው በነበረበት ቦታና ቁመት ላይ ነው፣ ማንም አስቦበት አይደለም። የአያ ስንሻው ማማ ፈረሰና አራቱ ባላዎች በራቸው ላይ መቀመጫ ሆኑ። እሳቸው ግን አንድ ነገር አልተለወጠላቸውም። የኔ ልጆች ማታ ሲሰበሰቡላቸው ያ መቀመጫ ላይ ይቀመጡና፣ ፊታቸውን ወደ በረንዳው አድርገው፣ እጃቸውን ከበብ አድርገው ይጮኻሉ። ልጆቹ እግራቸው ሥር ናቸው፤ ተረቱ ግን ማሳ ይሻገራል።

ባለ በረንዳው ሰውዬ በገባ በሁለተኛው ቀን ይመስለኛል፣ አያ ስንሻው «ያዛት! ጣላት! ከሥር ቆረጠቻት!» ሲሉ፣ ሰውዬው በባዶ እግሩ፣ በአንድ እጁ ዱላ፣ በአንድ እጁ ሱሪውን ይዞ ደረሰ።

«ማን ነው? ሌባው የታለ?»

«የምን ሌባ?» አሉ አያ ስንሻው።

«ታዲያ ማንን ነው የቆረጧት?»

«ጃርት ናት የቆረጠችው። አገዳ ነው። ተረት ነው ልጄ፣ ተቀመጥ።»

አልተቀመጠም። ክፉ ሰው እንኳ አይደለም፤ የሌሊት ፈረቃ ስለሆነ ከመግባቱ በፊት ማምሻውን ነው የሚተኛው። ዓይኑን እያሸ «አባቴ፣ ሁለት ሰዓት እንቅልፍ ነው ያለችኝ። በእግዜር ይዤዎታለሁ፣ ድምፅዎን ይቀንሱልኝ» አለ። አያ ስንሻው ይቅርታ ጠየቁት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀነሱ። ቀንሰው ቀንሰው ልጆቹ «ምን አሉ አያ?» እንኳ ማለት ሰለቻቸውና ወደ ቴሌቪዥኑ ሄዱ። አንድ ሳምንት መቀመጫው ላይ ዝም ብለው በረንዳውን ሲያዩ ከረሙ። ከዚያ ቋሪት፣ ገበዝ ማርያም የምትኖረው ልጃቸው ዘንድ እሄዳለሁ አሉ።

«ምን ጎድሎብዎት ነው አንቱ? ማን ምን አለዎት?» አልኳቸው።

«ማንም ምንም አላለኝም። ጫኔ ተሞተ ወዲህ ተዚያ ማዶ ማንም ምንም ብሎኝ አያውቅም» አሉ። «እዚያ ቋሪት ገና ማሳ አለ። ጃርትም አይጠፋ።»

ቀልደኛ ሰው ሲጨንቀው የሚያደርገው አይታወቅም፤ በማግስቱ አመሻሽ ላይ ከአጥሩ ጀርባ ተደብቄ፣ ድምፄን እንደ ሽማግሌ አወፍሬ «አይሰማም!» ብዬ ጮኽሁ። እሳቸው ዘወር እንኳ ሳይሉ «ኧረ ባክህ! ክንድ በማይሞላ ርቀት ቆመህ ካልሰማህ ጆሮህን ሐኪም ይየው» አሉኝ። እናንዬ የምትጠብሰው እሸት ከእጇ እስኪወድቅ ሳቀች፤ ኋላ ግን ከሰሉን እየቆሰቆሰች ስታለቅስ አየኋት። «ጭሱ ነው» አለችኝ። ይህችን ሰበብ እኔ ነኝ ያስተማርኳት።

የመሄጃቸው ዋዜማ ደረሰ። ጋቢያቸውንና ዳዊታቸውን በአሮጌ ነጠላ ቋጥረው እግራቸው ሥር አስቀምጠዋል፣ ጠዋት መኪና ይሳፈራሉ። ትንሿ ልጄ «ለመሰናበቻ የጦጣዋን» አለቻቸው። እምቢ ማለት አልቻሉም። ጀንበሯ ገባ ብላ የመንገዱ መብራት ገና አልበራም፣ ያለን ብርሃን የእናንዬ ፍም ብቻ ነው። አያ ስንሻው «ተረት ተረት» አሉ፣ እንደሚጸልይ ሰው በቀስታ። እኛም በቀስታ «የላም በረት» አልን። ጦጣዋ ወጣች፣ የላይኛው ኑሮ ጣፈጣት፣ ጃርት ከታች ጀመረች። ልክ እዚያ ላይ አንድ ሲኖትራክ አሸዋ ጭኖ እያጓራ አለፈ። አያ ስንሻው በልማድ ዝም አሉ፣ ነፋስ እንደሚጠብቁ ሁሉ። ፍሙን እፍ እፍ አሉ። አቧራው ሲረግፍ ቀና ብለው በረንዳውን አዩ፣ ከዚያ የጠፋውን ሳይደግሙ ወደ ፊት ቀጠሉ።

ያኔ የበረንዳው የብረት በር ተንቋቋ። ሰውዬው ወጣ፣ ብርድ ልብስ ለብሶ፤ ለካ ሁለት ልጆቹ ከሱ ቀድመው በጨለማው ውስጥ ብረቱን ይዘው ቁጭ ብለዋል። አያ ስንሻው ደነገጡ። ቋጠሯቸውን አንስተው «ጨርሻለሁ ልጄ፣ ነገ እሄዳለሁ፣ ታርፋለህ» እያሉ ሊነሱ ጀመሩ።

ከልጅነቴ ምን ቀረልህ ብትሉኝ፣ ማሳው አልቀረልኝም፣ ማማው መቀመጫ ሆኗል፣ ተረቱም እንደ ነገርኳችሁ ቀዳዳ አለው። የቀረልኝ ያ የመሰናበቻው ማታ ነው። ቋጠሮው እስከ ዛሬ አልተፈታም፣ አያ ስንሻው ትራስ አድርገውት ይተኙበታል፤ ልጃቸው ከቋሪት እየደወለች መቼ ነው የሚመጡት ስትላቸው «ተረቱ መቼ አለቀ» ይሏታል። ይህን ሁሉ ያመጣው ሰውዬ ያለው ቃል የሚያምር ነገር እንኳ አልነበረም። ማንም ሳያስተምረው ሁለት እጁን አፉ ላይ ከበብ አደረገና፣ እንቅልፉን እንደ ተቀማ ሰው በቁጣ፣ እንዲህ ነው ያለው፦

«አይሰማም! ከጃርቷ ጀምረው ይድገሙት!»