በአባት ስም የደበቅሁት ሰው፦ ከኮዝሞ ሲቲ እስከ ቮስሎሩስ

ማክሰኞ፣ ንጋት 11 ሰዓት ተኩል፣ ኮዝሞ ሲቲ፣ ጆሃንስበርግ

ከቤት ስወጣ ገና ጨለማ ነው። የዚህ አገር ክረምት ዝናብ የለውም፤ ደረቅ ብርድ ብቻ ነው። የመንገዱ ዳር ሣር ደርቆ ውርጭ ለብሷል። ታክሲ ተራው ላይ የተሰለፈው ሰው በጭምብልና በብርድ ልብስ ተሸፋፍኖ ከዓይኑ በቀር የሚታይ ነገር የለውም። የሰዓት እላፊው ካበቃ አንድ ሰዓት ተኩል ቢሆነውም ሰልፉ ረጅም ነው።

ቦርሳዬ ውስጥ አራት ገጽ ወረቀት ይዣለሁ። ከሁለት ሳምንት በፊት በዚሁ ድረ ገጽ ያነበባችሁት ጽሑፍ ነው፤ ባንግላዴሽ ውስጥ ጋዜጣ ያዘጋጅ ስለነበረና አሁን ፎርድስበርግ የስልክ ሽፋን ስለሚሸጥ ሰው የጻፍኩት። ጽሑፉ ከትናንት ወዲያ ለምን እንደጠፋ ብዙዎቻችሁ ጠይቃችሁኛል። መልሱን ለመስጠት ይህን ጉዞ መተረክ ይኖርብኛል።

ሰውየውን እዚህ ከማል እለዋለሁ። ስሙ አይደለም፤ የቤተሰቡም ስም አይደለም፤ ራሱ ነው የመረጠው። ታናሽ ወንድሙ አገር ቤት ቀርቶ ጋዜጣውን ይዟል። ወረርሽኙ ሲገባ ለድሆች የተላከ ሩዝ በአንድ የአካባቢ ሹም መጋዘን ተቆልፎበት መገኘቱን ጻፈ። በሳምንቱ ታሰረ። ዛሬ የዋስትና ጥያቄው ይሰማል።

ስጽፍ እየተጠነቀቅሁ መስሎኝ ነበር። የከማልን ስም ደብቄ በሁለተኛ ስሙ ብቻ ጠራሁት። እኛ ዘንድ ሁለተኛው የአባት ስም ነው፤ ሰውን በአባቱ ስም ብቻ ብትጠራው ማን እንደሆነ የሚያውቅ የለም። እኔ ራሴ እዚህ የምጽፈው በአያቴ ስም ነው፤ ጎረቤቶቼ እንኳ አላወቁብኝም። የከማል ሁለተኛ ስም ግን የቤተሰቡ ሁሉ ስም ኖሯል። ወንድሙም የሚጠራው በእሱ ነው፤ ጋዜጣው ላይም በአዘጋጅነት የሚታተመው እሱ ነው። አንድ አንባቢ ጽሑፉን በስልኩ የትርጉም ማሽን ወደ እንግሊዝኛ መለሰው፤ ከስልክ ወደ ስልክ እየዞረ እዚያው አገራቸው ደረሰ። ይህን ስሰማ ጽሑፉን ከድረ ገጹ አነሣሁት።

ትናንት ከማል የድምፅ መልእክት ላከልኝ። «ነገ ነይ። አማርኛውን ይዘሽ ነይ። ችሎቱ በእናንተ አቆጣጠር አራት ሰዓት ላይ ይጀምራል። ማሽኑ የጻፈው እንግሊዝኛ ግራ ያጋባል፤ ጠበቃው በትክክል ምን እንዳልሽ ማወቅ አለበት።» እሺ ብዬ መለስኩ። ከዚያ በኋላ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ታክሲው ሞልቶ ተነሣ። በር አጠገብ የተቀመጠችው ሴት የሁላችንንም እጅ በሳኒታይዘር ረጨች፤ ሒሳቡ ከኋላ ወደ ፊት በእጅ እየተቀባበለ ሄደ። መስኮቶቹ ሁሉ ክፍት ናቸው። የእኔን ልዘጋ ስሞክር ሾፌሩ በመስታወቱ አየኝ።

«ተይው ሲሲ። በብርድ ብትታመሚ ሻይ ይበቃሻል።» ሲሲ እዚህ እህቴ እንደማለት ነው።

ጧት 1 ሰዓት ከሩብ፣ ፎርድስበርግ

ገበያው ግማሹ ተዘግቷል። የከማል መደብ ላይ ሰማያዊ ሸራ ተጥሎ በገመድ ታስሯል። ዙሪያውን ሁለት ጊዜ ዞርኩ። ደወልኩ፤ አያነሣም። ያለኝ አማራጭ ጋሽ ሸምሱ ነበር። ጋሽ ሸምሱ የስልጤ ሰው ነው፤ እዚያው መንገድ ላይ ብርድ ልብስ በጅምላ ያከፋፍላል። ከከማል ጋር ያስተዋወቀኝም እሱ ነው።

«ከማልን ነው?» አለ ገና በሩ ላይ ሲያየኝ። «የአክስቱ ልጅ በኮሮና ተኝቷል። ሱቁን ሊጠብቅለት ቮስሎሩስ ከሄደ አራት ቀኑ። አልነገረሽም?»

«ነይ ነው ያለኝ።»

«የት ብለሽ አልጠየቅሽውም?»

«አፈርኩ።»

ጋሽ ሸምሱ ጭምብሉን ወደ አገጩ አውርዶ ትክ ብሎ አየኝ። «የሚያፍር ጋዜጠኛ፣ ደም የሚፈራ ሥጋ ሻጭ። ወላሂ፣ አንቺን ማን ቀጠረሽ?»

«ማንም አልቀጠረኝም፤ በነፃ ነው የምጽፈው።»

«እሱማ ያስታውቃል።»

ለምን እንደመጣሁ ስነግረው መሳቁን ተወ። ሰዓቱን አየ። ሐሙስ ቮስሎሩስ የሚያደርሰው ዕቃ ነበረው፤ ልጆቹን ጠርቶ አሁኑኑ ባኪው ላይ እንዲጭኑት አዘዘ። ባኪ የምንለው ከኋላው ክፍት የሆነውን የጭነት መኪና ነው። ብርድ ልብሱ እስኪጫን አንድ ሳሞሳ በወረቀት ጠቅልሎ ሰጠኝ። ትኩስ ነበር፤ ግን አልወረደልኝም።

2 ሰዓት ተኩል፣ መንገድ ላይ

ከተማው ወደ ኋላ ቀረ። በስተቀኝ የድሮው የወርቅ ማዕድን አፈር እንደ ተራራ ተቆልሎ በጧት ፀሐይ ቢጫ ሆኗል። ጋሽ ሸምሱ ሲነዳ ማውራት ይወዳል።

«እዚህ አገር ባንክ ገብተሽ ታውቂያለሽ? ሚስተር ብለው የሚጠሩት አባቴን ነው። አባቴ ከሞተ ሃያ ዓመቱ፤ በየወሩ ባንክ ይጠሩታል፤ እኔ አቤት እላለሁ።»

ሳልፈልግ ሳቅሁ።

«ሳቂ። ግን ነገሩን እያወቅሽ እንዴት ሳትሽ? እነሱ ሁለተኛውን ስም የሰውየው ራሱ ነው የሚሉት።»

እኔንም ክሊኒክ ውስጥ ስንት ጊዜ በአባቴ ስም ጠርተውኛል። ነርሷ እየተጣራች እኔ ሌላ ሰው ነው ብዬ ቁጭ ብዬ ተራዬን ያሳለፍኩበት ቀን አለ። ለራሴ ያወቅሁትን ስለ ሌላ ሰው ስጽፍ አላሰብኩትም።

ከሀይዌይ ስንወርድ ፍተሻ ገጠመን። ፖሊሶችና ወታደሮች ናቸው። ጋሽ ሸምሱ የንግድ ፈቃዱን አሳየ። ወጣቷ ፖሊስ የእኔን ፔፐር፣ የጥገኝነት ወረቀቴን፣ ተቀብላ ቀኑን አየች።

«ይህ እኮ ጊዜው አልፏል።»

ቢሮዎቹ በወረርሽኙ ተዘግተዋል፤ ያረጀው ፔፐር እንዲያገለግል መንግሥት አራዝሞልናል። ማስታወቂያውን አትሜ ከፔፐሩ ጀርባ አጥፌ እይዘዋለሁ። አውጥቼ ሰጠኋት። ከላይ እስከ ታች በእርጋታ አነበበችው። ሦስት ሰዓት ሊሆን አሥር ደቂቃ ቀርቶት ነበር። አንብባ ስትጨርስ ወደ ጭነቱ አየች።

«ብርድ ልብሱ ወፍራም ነው?»

«ሲሲ፣ ከሥሩ ከገባሽ ነገ ሥራ አትገቢም» አላት ጋሽ ሸምሱ።

ሳቀችና በእጇ እለፉ አለችን።

3 ሰዓት ከሩብ፣ ቮስሎሩስ

ሱቁ ከአንድ ቤት ጋራዥ ተከፍሎ የተሠራ ነው። ፊቱ በሙሉ የብረት ፍርግርግ ሲሆን እጅ የሚያስገባ ትንሽ መስኮት አለው። ከማል ከፍርግርጉ ኋላ ቆሞ ለአንዲት እናት ግማሽ ዳቦ ይሰጣል። ቀጭን ሰው ነው፤ መነጽሩ ከጭምብሉ በሚወጣው ትንፋሽ ጉም ለብሷል። «ሳውቦና ማማ» ብሎ በዙሉ ቋንቋ ሰላም ይላታል፤ ዓይኑ ግን ባንኮኒው ላይ ባስቀመጠው ስልክ ላይ ነው። እኛን ሲያይ የጎኑን በር ከፈተ።

የምናወራው በእንግሊዝኛ ነው። በአባቴ ዕድሜ ስለሆነ እዚህ ንግግሬን በአንቱ ጽፌዋለሁ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኩ። መንገዱን ሙሉ ያዘጋጀሁትን ሌላ ሁሉ ረሳሁት።

«ለምን አልጠየቅሽኝም? በዚህ ስም ልጥራዎት ወይ ብለሽ አንድ መልእክት ብትልኪ ይበቃ ነበር።»

«ሁለት ሰዓት ሙሉ አነጋግሬዎት ነበር። እንደገና ማስቸገር መስሎኝ ነው።»

«የእኔን ጋዜጠኞች በየቀኑ አሥር ጊዜ አስቸግሩ እላቸው ነበር» አለ። ከዚያ የቢራ ሳጥን ገልብጦ አስቀመጠልኝና ቀይ እስክሪብቶ አወጣ። «ከላይ ጀምሪ። ምንም አትዝለይ፤ ምንም አታሳምሪ።»

መስመር በመስመር አነበብኩለት፤ በእንግሊዝኛ እያልኩት እሱ በራሱ ፊደል ይጽፋል። ጋዜጣው እንዴት እንደተጀመረ፤ ማተሚያውን ከአንድ የሰርግ ካርድ አታሚ እንደገዙት፤ የመንግሥት ማስታወቂያ የጋዜጣው ዋና ገቢ እንደነበረና አንድ ዜና ያላማረው ሹም ማስታወቂያውን ሲያስቀር ጋዜጣው ያለ ክስ እንዴት እንደሚራብ። ሰው ቫይረሱን ከወረቀት ይይዘኛል ብሎ ጋዜጣ መግዛት ባቆመ ጊዜ ወንድምየው ዜናውን ወደ ኢንተርኔት እንዳዞረው። ያሳሰረውም ይኸው ነው። በወረቀት የታተመ ቢሆን ኖሮ ጉዳዩ በስም ማጥፋት ያልቅ ነበር፤ በኢንተርኔት ስለወጣ ግን በሌላና በከበደ ሕግ ተያዘ።

በየመሀሉ ደንበኛ ያንኳኳል። ሻማ፣ ሁለት እንቁላል፣ የስልክ ካርድ። ጋሽ ሸምሱ ሳይጠየቅ ባንኮኒው ላይ ቆሞ መሸጥ ጀመረ።

ሦስተኛው ገጽ ላይ ድምፄ ቀነሰ። እንዲህ ብዬ ጽፌ ነበር፦ «ወንድሙ ቢታሰርም የጋዜጣው ገጽ አልቆመም፤ ከጆሃንስበርግ የሚያግዙት ሰዎች አሉ።»

ከማል እስክሪብቶውን አነሣ። «ይህን እኔ ነግሬሻለሁ?»

«ነግረውኛል። ማስታወሻዬ ላይ አለ።»

«ነግሬሻለሁ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ዐቃቤ ሕጉ ይህን ካገኘ ውጭ አገር ያሉ ሰዎች እያዘዙት ነው የሚጽፈው ይላል። ዋስትና የሚያስከለክለው እንዲህ ያለው ቃል ነው።»

ዐረፍተ ነገሩን እንዳልነበረ ማድረግ እንችል እንደሆነ ጠየቅሁት፤ ማሽኑ ነው የጨመረው ብንልስ?

«ውሸት ነው» አለ። «ደግሞ አማርኛ የሚያነብ ሰው በዓለም ላይ አንቺ ብቻ አይደለሽም። የሚያግዘው ሰው እኔ ነኝ። ወንድሙ ነኝ፤ ይህን ሱቅ እየጠበቅሁ በስልኬ ዜና አርማለሁ። ጠበቃው ይህንኑ ይበል።»

አራት ሰዓት ሊሆን ሩብ ሲቀር ይህንንም ከሥሩ ጨምሮ የጻፈውን ፎቶ አንሥቶ ለጠበቃው ላከ።

6 ሰዓት ከሃያ፣ እዚያው

ችሎቱ በወረርሽኙ ምክንያት በቪዲዮ ነው። ጠበቃው ቢሮው ቁጭ ብሎ፣ ዳኛው ሌላ ቦታ፣ ወንድምየው እስር ቤት። ለእኛ አይታይም። ከማል መደርደሪያ ላይ ያሉትን የሳርዲን ጣሳዎች አውርዶ እንደገና ደረደራቸው። ጋሽ ሸምሱ ብርድ ልብሱን አድርሶ ተመለሰ፤ መኪናው ውስጥ ሰግዶ ገባ። እኔ በልቤ የማርያምን ስም እጠራለሁ። አንድ ሰው መጥቶ ክብሪት ሲጠይቅ ሦስታችንም ደነገጥን።

ስልኩ ጮኸ። ከማል ጀርባውን ሰጥቶን በቋንቋው ተናገረ። ትከሻው ብቻ ነው የሚታየኝ። ለረጅም ጊዜ ሰማ፤ አንድ ቃል ጠየቀ፤ እንደገና ሰማ። ሲዞር መነጽሩን አውልቆ ነበር።

«ተፈቀደ» አለ።

ዐቃቤ ሕጉ እንደፈራነው የማሽኑን እንግሊዝኛ ይዞ ቀርቦ ነበር። ከጆሃንስበርግ የሚያግዙት ሰዎች እነማን ናቸው ብሎ ጠየቀ። ጠበቃው ወዲያው፣ አንድ ሰው ነው፣ ታላቅ ወንድሙ ነው፣ ባለ ሱቅ ነው ብሎ የከማልን ወረቀት አነበበ። ዳኛው ሌላ ጥያቄ አልጠየቁም። ጧት ባንደርስ ኖሮ ጠበቃው ምን ብሎ ይመልስ እንደነበር ማሰብ አልፈልግም።

ጋሽ ሸምሱ «አልሐምዱሊላህ» ብሎ ከማቀዝቀዣው ሦስት ለስላሳ አወጣ። ከማል በዓይኑ ቆጠረው።

«ሒሳቡን ትከፍላለህ» አለው።

«ዛሬማ ጋዜጠኛዋ ናት የምትከፍለው።»

ከፈልኩ። በዚህ ዓመት እንደዚያ ደስ ብሎኝ የከፈልኩት ነገር የለም። ጧት የተሰጠኝን ሳሞሳም ቀዝቅዞ ቦርሳዬ ውስጥ አገኘሁትና ቆሜ በላሁት።

ከመሄዳችን በፊት ከማል አራቱን ገጽ መለሰልኝ። እኔ በጣቴ እያሳየሁት ስሙ ያለበትን ቦታ ሁሉ በቀይ ሰርዞታል። «ሌላው እውነት ነው» አለ። «ስሙን ቀይሪልኝና መልሰሽ አውጪው። ከማል በይኝ። በሠፈራችን ውስጥ በዚህ ስም አንድም ጋዜጠኛ አልነበረም፤ አንድ አሣ ሻጭ ብቻ ነበር፤ እሱም ሞቷል።»

ምሽት 12 ሰዓት፣ ኮዝሞ ሲቲ

ጋሽ ሸምሱ እስከ በሬ አደረሰኝ። መንገዱን ሙሉ ተኝቼ ኖሮ ስነቃ ከጭነቱ የተረፈ አንድ ብርድ ልብስ ጣል አድርጎብኛል። ፀሐይ ገብታለች፤ ሰዎች ከሰዓት እላፊው በፊት ዳቦና ላምባ ለመግዛት ይሯሯጣሉ። ቤቴ ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ ጽሑፉን አረምኩ።

ረቡዕ፣ ከሰዓት በኋላ

ይህን ማስታወሻ ከማውጣቴ በፊት እንግሊዝኛውን ራሴ ጽፌ ለከማል ላክሁለት። ከእንግዲህ ለሁሉም እንዲሁ አደርጋለሁ፤ ባፍርም። መጨረሻው ላይ ለፍርድ ቤቱ ምስጋና የሚያቀርብ አንድ ዐረፍተ ነገር ነበረኝ።

ከአንድ ሰዓት በኋላ መለሰልኝ። «ምስጋናውን አውጪው። ሩዝ ተሰረቀ ብሎ የጻፈ ሰው ነው ታስሮ የከረመው፤ ክሱም ገና አልተዘጋም። ሌላው ልክ ነው፤ አትሚው።»

አውጥቼዋለሁ።

ቀጥሎ ሁለተኛ መልእክት ገባ። «ዛሬ ጧት ለቀቁት። ቤት ደርሶ ገላውን ታጥቦ ተኝቷል። ስልክ እንዳይደውሉለት ለሁሉም ነግሬያለሁ፤ እኔም አልደወልኩም።»