የሐሚድ ተራ

ይህን ለሚስቴም ለንስሐ አባቴም ተናግሬ አላውቅም። አንተ አታውቀኝምና ስማኝ።

አሶሳ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ከጎጃም ተመድቤ በመጣሁ ሰሞን ስለ ውስጠኛው ጆሮ ሳስተምር ክፍሉ ጸጥ ብሎ አዳመጠኝና ልቤ አበጠ። ጆሯችን ውስጥ ጥቃቅን ጸጉር ያላቸው ህዋሶች አሉ። ድምፅ ሲመጣ ጸጉሩ ዘንበል ይላል፣ ፖታሲየም ይገባል፣ ህዋሱም ለነርቭ ያሳውቃል። የገባውን ፖታሲየም ጎረቤት ህዋሶች ተቀባብለው ወደ መጣበት ፈሳሽ ይመልሱታል። በወፍም በሰውም ነገሩ ተቀራራቢ ነው አልኩ። እስከዚህ ልክ ነበርኩ።

ሐሚድ እጁን አወጣ። የሆሞሻ ልጅ ነው፤ በእረፍቱ ባምባሲ መንገድ ድንጋይ መፍጫ ላይ ይሠራል፣ ለሠርግ ደግሞ ከዘመዶቹ ጋር ዙምባራ ይነፋል። ዙምባራ፣ ያ የቅል መለከት፣ ለአንድ ነፊ አንድ ድምፅ ብቻ ነው ያለው። ሌሎቹን ሰምቶ በተራው ካልገባ ዜማው ይሰበራል።

«መምህር፣ ጆሮ የኔ ከማሽን በኋላ ይጮኻል። ሰው ሲያወራ ትንሽ ትንሽ ይጠፋል። ይመለሳል?»

አላውቅም ብል ምን ነበረበት? እኔ ያነበብኩት ስለ ጫጩት ብቻ ነበር። «የጫጩት ህዋስ ቢሞት ሌላ ይተካል፤ ያንተም ይመለሳል፣ አትስጋ» አልኩት። ከሰዓት ቀጣዩን ገጽ ገለጥኩ። ጩኸት የገደለው የሰው ጆሮ ህዋስ ምትክ የለውም ይላል። ድምፅ ተቀባዩ ህዋስ ከሞተ የፖታሲየሙ መመለስ ምን ሊረባው?

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። የእኔ ግን ወለምታ ብቻ አይደለም። በማግስቱ መናኸሪያ ውስጥ ወደ ድንጋይ መፍጫው ሊሄድ ሲሳፈር አየሁት። አየሁትና ፊቴን አዞርኩ። ተማሪ ፊት ከምታረም እሱ ይደንቁር ብዬ ነው? እንዲያ ብዬ አላሰብኩም፤ ያደረግኩት ግን እሱኑ ነው። እኔው ነኝ ያደረግኩት።

ዘንድሮ ሆሞሻ ለሠርግ ተጠራሁ። ሐሚድ ከነፊዎቹ መሃል ቆሟል። ተራው ሲደርስ ወንድሙ በክርኑ ይጎስመዋል፤ ያኔ ይነፋል፣ ሁልጊዜ ትንሽ ዘግይቶ። ሲያየኝ እየሳቀ መጥቶ እጄን ያዘ።

«መምህር፣ ጆሮ ገና አልመጣም» አለኝ ጮክ ብሎ። «ወላሂ እጠብቃለሁ። ማሽንም አልተውኩም።»

አሁንም «ይመጣል» በሚል ራሴን ነቀነቅኩለት።

ይቅር በለኝ አልልህም። ለአንተ ተናዘዝኩ፤ ሐሚድ ግን ዛሬም ድንጋይ መፍጫው ላይ ነው፣ ይመለስልኛል እያለ።