እልል ያልኩበት ቀን

ቅልሞሽ እንጫወትባቸው የነበሩት አምስት ጠጠሮች ዛሬም ሙዳዬ ውስጥ አሉ። የታላቅ እህቴ የያልጋነሽ ናቸው፤ እኔ እታለም ነበር የምላት። ልጆቼ «ይህን ድንጋይ ምን ልትሠሪበት ነው?» እያሉ ይስቁብኛል። ይሳቁ፤ እነሱ ምን ያውቃሉ!

ጣልያን ደብረ ታቦር ላይ ምሽግ ሲሠራ እኔ ገና የወተት ጥርሴን እየነቀልኩ ነበር። የኛ ቀዬ ወንዶች ጫካ ገቡ፤ ከወንዙ ማዶ በእብናት በኩል ያሉትም ገቡ፤ ግን ለየብቻ። በመካከላቸው ደም ነበራ! አጎቴ በድንበር ጠብ የማዶውን አለቃ ወንድም ገድሏል። ስለዚህ ጣልያን የኛን ጎጆ ሲያቃጥል እነሱ ቆመው ያያሉ፤ የእነሱን ሲያቃጥል የኛዎቹ «ይበላቸው» ይላሉ። የተቃጠለ ገብስ ሽታ ከልብሳችን አይለቅም ነበር።

አባቴ በአንደበቱ የታወቀ ሰው ነው። ከአንበሳሜ እስከ እብናት በእግሩ እየዞረ ሰዉን ይለምን ነበር። «ጣልያን ሸንሽኖ የሚገዛን እኛው አስቀድመን ስለተሸነሸንን ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ!» ይላል።

እያለ እያለ በማርያም ዕለት ሁለቱን ወገን ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ወይራው ሥር ሰበሰባቸው። እኔ ከሴቶቹ ጋር ቆሜያለሁ። አባቴ ሲናገር ጎልማሳው ሁሉ እንባውን ጠረገ። ኩራቴ አይጣል ነበር! ሲጨርስ አንድ የማዶ ሽማግሌ ተነሡና «ቃልህስ ማር ነው፤ ደማችን በምን ይድረቅ?» አሉት። ያው በአገራችን ወግ ደም የሚደርቀው የገዳይ ወገን ለሟች ወገን ልጁን ሲድር ነው። አባቴ እታለም ከሴቶቹ ጋር ወደቆመችበት ዞረ። ከዚያ «ያልጋነሽን ሰጥቻለሁ» አለ።

እኔ እልል አልኩ። ከሁሉ ቀድሜ! ሰርግ ነዋ፤ አዲስ ቀሚስና ጭፈራ ታየኝ። ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው! ሴቱ ሁሉ ተከትሎኝ አስተጋባው። ዞር ስል እታለም ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ታየኛለች። «አንቺም?» አለችኝ።

በሦስተኛው ቀን በበቅሎ ወሰዷት። ስትሄድ ጠጠሮቿን መዳፌ ውስጥ አስጨበጠችኝ።

ሁለቱ ወገን አንድ ሆነ፤ ይህን አልክድም። ከዚያ ወዲያ ጣልያን ቀዬአችንን ደፍሮ አላቃጠለም። እታለም ግን በዓመቱ እዚያው ማዶ፣ ከባሏ ወገን ጋር የተደበቀችበት ዋሻ ውስጥ፣ ምጥ ይዟት ሞተች። ጣልያን መንገዱን ስለዘጋ እናቴ እንኳ አልደረሰችላትም። ወይ ነዶ! አባቴ መርዶውን ከሰማ ወዲህ ሸንጎ ላይ አልቆመም። አንድ ቀን ብቻ፣ ደጃፍ ተቀምጦ፣ «ለሁሉም ጌጥ ሆነ፤ ሸክሙን ግን ልጄን ብቻዋን አሸከምኳት» ሲል ሰማሁት።

አሁን በሬዲዮ «አንድ እንሁን» ሲሉ እሰማለሁ። እንሁን እንጂ፤ አባቴም እውነቱን ነበር። ያኔ ሳልጠይቅ እልል ያልኩት እኔ፣ ዛሬ «የማን ልጅ ልትሰጥ ነው?» እላለሁ። ልጆቼን ሁሉ ለወግ አብቅቼ ድሬያለሁ። በሰርጋቸው ቀን ሴቱ እልል ሲል እኔ ጓዳ ገብቼ ጠጠሮቹን እጨብጣለሁ። እልልታው ከጉሮሮዬ አይወጣም፤ ያን ቀን የእታለምን ዓይን ካየሁ ወዲህ ወጥቶም አያውቅም።