የእሑድ ዘይት

ባለፈው ሳምንት መካኒኩ የመኪናዬን ኮፈን ከፍቶ አንዲት ጣሳ ነቀነቀና የአየር ሴንሰሩ ላይ ፍስስ አደረጋት። ጠረኑ አፍንጫዬን ወጋኝ። ከአልኮልም ከቤንዚንም የማይገጥም፣ የሚሰነፍጥ፣ ግን ቶሎ የሚጠፋ ጠረን ነው። ጣቴ ላይ የነጠበችውም በዚያ ሁሉ ሙቀት መሀል አቀዝቅዛኝ ወዲያው ተነነች። መካኒኩ «ምነው፣ ዓይንሽ ውስጥ ገባ እንዴ?» አለኝ። አዎ አልኩት። የአባቴ የእሑድ እንቅልፍ ትዝ አለኝ ብዬ ብነግረው የሚገባው አልመሰለኝም።

አባቴ ቀጭን፣ ረጅም፣ ጥፍሩ ሥር ጥቁር መስመር የማይጠፋው ሰው ነበር። እንደ አባቱ ሁሉ ዕድሜውን የፈጀው ድሬዳዋ ምድር ባቡር ዴፖ ውስጥ የናፍጣ ባቡር ሞተር ሲፈታና ሲገጥም ነው። «ብረት የሚሞተው ሲደርቅ ነው» የሚል ሃይማኖት ነበረው። አፍንጫዋ የረዘመ የዘይት ጣሳውን ይዞ ቤቱን ይዞራል። የበሩ ማጠፊያ፣ የእናቴ መቀስ፣ የስፌት መኪናዋ፣ የሰፈሩ ልጆች ብስክሌት፣ የገዛ መነጽሩ እጀታ ሳይቀር ድርሻውን ያገኛል። እናቴ «አንድ ቀን እኔንም ሳትቀባኝ አትቀርም» ስትለው «አንቺ መች ደርቀሽ ታውቂያለሽ!» ይላታል፤ እሷም ሳቋን ለመደበቅ ፊቷን ታዞራለች።

የድሮው ባቡር ሥራ ሲያቆም አባቴም አብሮ ቆመ። ጠዋት ጠዋት ጢሙን ተላጭቶ ካኪውን ይለብስና በከዚራ ሰፈር ዛፎች ጥላ ሥር ሄዶ የተዘጋውን የዴፖ በር አይቶ ይመለሳል። ከዚያ አልጋው ላይ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይቀመጣል። አልታመመም፣ አልተኛም፤ ይቀመጣል ብቻ። እናቴ ከጓዳ ሆና የማያስፈልጋትን ነገር ሁሉ ትጠይቀዋለች፤ ድምፁን ለመስማት ነው። እኔ ያኔ ኮሌጅ ጨርሼ ሥራ የምፈልግ ልጅ ነበርኩ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ያ ጀርባው ያስፈራኝ ነበር።

ከዚያ አልጋ ያነሣችው አንዲት ያገለገለች መኪና ናት። ነጭ፣ ናፍጣ፣ አየር ወደ ሞተሩ እያፏጨ የሚገፋ ቱርቦ ያላት፣ ከኛ በፊት ስንት እጅ እንዳለፈች ያልታወቀች። አባቴ ገዝቶ ግቢ ያስገባት ዕለት ዙሪያዋን ሲዞር ዋለ። ብዙም ሳይቆይ የሰፈሩን ነጋዴዎችና ሐኪም ቤት የሚሄዱ ሽማግሌዎችን ሐረር ማመላለስ ጀመረ። ማለዳ ሞተሩ ሲነሣ እናቴ በጓዳው በር ብቅ ብላ ታማትባለች። ሰውዬው ተነሣ ማለት ነው።

ተራ ሾፌር እንዳይመስላችሁ ታዲያ፤ መኪና ላይ የወጣ ባቡረኛ ነበር። ደርሶ ወዲያው ሞተር አያጠፋም፤ «ቱርቦዋ ሮጣ ነው የመጣችው፣ ትተንፍስ እንጂ!» እያለ ተሳፋሪው ዕቃውን አውርዶ እስኪጨርስ ያቆያታል። አቧራ የሚያስነሣ የጭነት መኪና ከፊቱ ከገባ ዳር ይዞ አቧራው እስኪረግብ ይጠብቃል። ወደ ሐረር የሚያስወጣውን የደንገጎን ዳገት ሲጀምር ደግሞ «ዝም በሉ፣ ልስማት» ይላል። አንዲት መታጠፊያ አለች፤ መኪናዋ እሷን በሦስተኛ ማርሽ እያፏጨች ከዞረች ጤነኛ ናት፣ ሁለተኛ ከጠየቀች የሆነ ነገር ነክቷታል። መኪና ሙሉ ሰው ትንፋሹን ውጦ ያቺን ፉጨት ያዳምጣል። ጨርቅ የምትነግደው ጎረቤታችን፣ አፏን በሶማሊኛ የፈታች፣ ዝምታ የማይሆንላት ሴት፣ «አቦ ተወን! ለመኪና ደግሞ ሶላት አለ እንዴ?» ትለዋለች። ሰው ሁሉ በሳቅ ይፈርሳል። አባቴ የሚስቀው መታጠፊያዋን ካለፈ በኋላ ነው።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነጠላውን በሩ ላይ ሰቅሎ ኮፈኑን ይከፍታል። እናቴ «የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ! በሰንበት?» ትላለች። «ሥራ አይደለም፣ ጥየቃ ነው» ይላታል። አቧራ የምታጣራው የአየር ፊልትሮዋ የሚታጠብ የጨርቅ ዓይነት ነበረች። በናፍጣ ያጥባታል፤ ከዚያ የዘይት ጣሳዋን ደፍቶ እስክትንጠባጠብ ድረስ ዘይት ያጠጣታል። ዴፖ ውስጥ የድሬን አቧራ ከባቡር ሞተር የሚያግዱት በዘይት በተነከረ የሽቦ መረብ ነበር፤ አባቴም ያንኑ ማድረጉ ነው። «አቧራ ዘይት ካየ አያልፍም» ይለኛል፣ ጣቶቹን በጨርቅ እየጠረገ። ከዚያ ምሳ፣ ከምሳ በኋላ እንቅልፍ። ድሬ በቀትር ይተኛል። ሱቁ ይዘጋል፣ ባጃጁ ጥላ ፈልጎ ይቆማል፣ ውሻው እንኳ መጮህ ይሰለቸዋል።

እንዲህ ስንኖር አንድ ቀን ያቺ መታጠፊያ ላይ መኪናዋ ሁለተኛ ማርሽ ጠየቀች። ሰንበትበት ብላ ደግሞ አንደኛ። ፉጨቷም ጠፋ። አባቴ የአየር ቱቦውን ፈተሸ፣ የናፍጣ ፊልትሮውን ቀየረ፣ እሑድ ሲደርስም የአየር ፊልትሮዋን ከወትሮው አብልጦ አጠጣት። ባሰባት። አንድ ጠዋት ዳገቱ ወገብ ላይ ተሳፋሪው ወርዶ በእግሩ መከተል ግድ ሆነበት። ጎረቤታችን የጨርቅ ጥቅሏን ተሸክማ «ወላሂ ይቺ መኪና አስም ይዟታል!» አለች። ለሳቅ ነበር። አባቴ ግን ያን ቀን ቤት ገብቶ እህል አልቀመሰም፤ አልጋው ላይ ወጣና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። እናቴና እኔ ተያየን።

በማግስቱ «ደላላ ይምጣና ይውሰዳት፤ እኔ ለዚህ ዘመን መኪና አልሆንም» አለ። ድምፁ ውስጥ ቁጣ እንኳ አልነበረም። እናቴ ጓዳ ጎትታ አስገባችኝና «እሷ ከሄደች ይሄ ሰው ሁለተኛ አይነሣም» አለችኝ። መንጃ ፈቃድ ያወጣሁት በዚያችው መኪና ነውና ገበያ ደርሼ ልምጣ ብዬ ቁልፉን ወስጄ ወጣሁ።

የወሰድኳት አባቴን ወደሚያውቅ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ዘንድ ነው፤ አማርኛውን ከኦሮምኛ እያቀላቀለ የሚያወራ ጎልማሳ። ኮምፒውተሩን ሰክቶ ሞተሩን እያስጓራ ቁጥሮቹን ሲያይ ቆየ። የሞተር መብራት አልበራም፤ የሞተ ዕቃም አልነበረም። በመጨረሻ የአየር ሴንሰሩን ፈትቶ አወጣና ወደ ብርሃን አነሣው። «ይቺን ታያለሽ? ከፀጉር የቀጠነች ሽቦ ናት። የሚገባውን አየር የምትለካው እሷ ናት፤ ናፍጣው የሚመጠነው በሷ ቃል ነው። አሁን ዘይት ለብሳለች። ዘይት ከለበሰች ትዋሻለች፤ አየሩ ትንሽ ነው ትላለች። ኮምፒውተሩ ያምናትና ናፍጣውን ይነፍጋል። በቃ፣ ጉልበት ከየት ይምጣ?» ፊልትሮዋን በጣቱ ነካ አድርጎ አሸተተና ቀና ብሎ አየኝ። «አቦ፣ ይቺን ማነው በዘይት ያጠመቃት?»

«አባቴ» አልኩት።

ሊስቅ የከፈተውን አፍ ዘጋው። «ባቡር ብትሆን ልክ ነበር» አለኝ። «ይቺ ግን ጥቂት ጠብታ ይበቃታል። ከዚያ የተረፈውን አየሩ እየነጠቀ ወስዶ ሽቦዋ ላይ ይለጥፈዋል። ሰውዬውን ንገሪው።» የሴንሰር ማጽጃ ጣሳ ነቅንቆ ሽቦዋ ላይ ረጨ። ቡናማው ዘይት ታጥቦ ወረደ፤ ሽቦዋን በእጁም በጨርቅም ሳይነካት በራሷ ደረቀች። ጣሳዋን ከነትራፊዋ ሰጠኝና ሸኘኝ። ገና ከጋራዡ ስወጣ ፉጨቷ ተመልሶ ነበር።

ልነግረው ነበር የተመለስኩት፤ አፌ ላይ ሁሉ አዘጋጅቼው ነበር። አባቴ ግን ፉጨቷን ከመንገድ ሰምቶ ኖሮ በአንድ እግሩ ነጠላ ጫማ አድርጎ፣ ሌላው እግሩ ባዶውን፣ የግቢውን በር ከፍቶ ጠበቀኝ። «ሰማሽ? ሰማሽ ወይ!» እያለ እናቴን ይጣራል። «ዘይቱ ነው! አብዝቼ ማጠጣቴ ነው የሠራው!» ጎረቤታችን በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ «ማሻ አላህ!» አለችው። ፊቱን ብታዩት! ዴፖው ከተዘጋ ወዲህ እንዲያ ሲበራ አላየሁትም። እንግዲህ እናንተ ብትሆኑ ትነግሩት ነበር? ያደከምካት አንተ ነህ፣ ዕድሜህን ሙሉ የተማርከው እጅህ ነው ብዬ ብነግረው ቁልፉን አስቀምጦ ወደ ግድግዳው እንደሚዞር ቁልጭ ብሎ ታየኝ። ሆድ ይፍጀው አልኩና ዓይኔን በጨው አጥቤ «አዎ አባባ፣ ዘይቱ ነው» አልኩት። ደላላው እንዳይመጣ ራሱ ደውሎ ነገረው።

እሑድ ደረሰ። አባቴ አጠበ፣ አጠጣ፣ በላ፣ ተኛ። ማንኮራፋቱ በመስኮቱ ሲሰማ በባዶ እግሬ ወጣሁ። መሬቱ ያቃጥላል። የፊልትሮዋን ሣጥን መቆንጠጫዎች ድምፅ እንዳያሰሙ በጨርቅ ይዤ ከፈትኩ። ፊልትሮዋን በሳሙና አጥቤ ውሃ ታንከሩ ጎን የተጋደመ ቆርቆሮ ላይ አሰጣኋት። የድሬ ፀሐይ ለእንዲህ ያለ ተንኮል የታመነች ናት፤ የተኛ ሰው ሳይገላበጥ ታደርቃለች። ጥቂት ጠብታ አሳርፌባት መለስኳት፤ ሽቦዋንም ረጨሁ። እናቴ «በሰንበት አጠባ፣ ጉድ ነው መቼም» ብላ አጉረመረመች፤ ሳሙናውን ያቀበለችኝ ግን ራሷ ናት። በሚቀጥለው እሑድ አባቴ ሣጥኑን ከፍቶ «አየሽልኝ? ጠጥታ ጨረሰችው!» አለኝና ደግሞ አጠጣት።

ዓመታት እንዲህ አለፉ። ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ሥራ ያዝኩ፤ አገባሁ፤ ሳቢያን ሰፈር ቤት ተከራየን። እሑድ እሑድ ግን በባጃጅ እመጣለሁ። ባለቤቴ «የምትሄጂው አባትሽ ጋ ነው መኪናዋ ጋ?» እያለ ያሾፍብኛል። የአባቴ ጉልበት እየደከመ ሄዶ ሐረር መመላለሱን ቀነሰ፤ በመጨረሻ የሚወጣው ከእናቴና ከጎረቤታችን ጋር ለመናፈስ ያህል ሆነ። የእሑዱን ዘይት ግን አልተወም። እኔም አልተውኩም። አንዳንድ ቀን ደክሞኝ፣ በዚያ ቀትር ዓይኔ እየተከደነ፣ «ምናለ አንድ እሑድ እንኳ ቢረሳት» እያልኩ አማርር ነበር።

ከዚያ ትኩሳት ይዞኝ ሁለት እሑድ ቀረሁ። አልጋ ላይ ሆኜ የማስበው ስለዚያች ሽቦ ነው። ዳገቱ ላይ ሲቆም፣ ሰው ሲወርድ፣ ፊቱን ሲያዞር ይታየኛል። ትኩሳቱ ለቀቅ ሲያደርገኝ በሦስተኛው እሑድ በቀጥታ ወደ እነሱ መጣሁና ጓዳ ገብቼ እናቴን «መኪናዋ እንዴት ሆነች?» አልኳት።

«ምን ትሆናለች? ከትናንት ወዲያ ደንገጎን ወጥተን አልነበር! እያፏጨች።»

«በሁለተኛ?»

«በሦስተኛ ነው እንጂ!»

ግራ ገባኝ። «ዘይት አላጠጣትም እንዴ?»

እናቴ ሽንኩርት መክተፏን ትታ አየችኝ። «አንቺ በቀረሽበት እሑድ የዘይት ጣሳዋን አልነካም። ምነው ዛሬ አትቀባትም ብለው ‹ልጅቷ ካልመጣች ለማን ብዬ ነው የምቀባት?› አለኝ።»

ከውጭ ኮፈኑ ሲከፈት ተሰማኝ። በመስኮት አየሁት። እያንጎራጎረ ጣሳዋን ደፍቷል፤ ዘይቱ መሬት ላይ እስኪንጠባጠብ ያጠጣታል።

ምሳ በላን። እሱም እንደ ወትሮው «አንዴ ጋደም ልበል» ብሎ ገባ። ግቢው ጸጥ አለ። ከመኪናዋ አጠገብ ቆሜ ማንኮራፋቱን አዳመጥኩ፤ በዚያ ሁሉ ዓመት ልብ ብዬ አዳምጬው አላውቅም ነበር። አንድ ልክ፣ ሳያዛንፍ፣ ሳያቋርጥ ያንኮራፋል። የተኛ ሰው እንዲያ አያንኮራፋም። ከመቼ ጀምሮ እንደሚያውቅ ያኔ አልጠየቅሁትም፤ ዛሬ ልጠይቅ ብልም እሱ የለም። እንባዬ መጣ። እያለቀስኩ አጠብኳትና ቆርቆሮው ላይ አስጥቼ ጥላው ውስጥ ቁጭ አልኩ።

ማንኮራፋቱ ቆመ። ትንሽ ቆይቶ አባቴ በሽርጡ፣ በርጩማ አንጠልጥሎ ወጣ። እኔን አላየኝም፤ ፊልትሮዋን ነው ያየው።

«ደረቀች?» አለኝ።

ከደረቀች ቆይታ ነበር።

«ገና ናት፣ አባባ» አልኩት። በርጩማውን ከጎኔ አድርጎ ተቀመጠ።