ዘማሪ የተባለችው አክስቴ

አክስቴ አምቦ ውስጥ በሆቴል መድረክ የጭፈራ ዘፈን ስትዘፍን ኖረች። የተቀመጡ ሽማግሌ ካየች ማይኩን እንደያዘች ወርዳ፣ «ኦቦ፣ ተነሱ እንጂ! ወገብ የተሰጠን ለወንበር ብቻ ነው?» እያለች እጃቸውን ይዛ ታስነሳቸው ነበር።

ታላቅ ወንድሟ ግን ዘፈን ኃጢአት ነው ብሎ ዕድሜዋን ሙሉ ሰላምታ ነሳት። ባለፈው ክረምት ስትቀበር የሕይወት ታሪኳን ያነበበው እሱ ነው። «በዝማሬ ስታገለግል የኖረች» አለ።

«ጋሼ፣ ዘፋኝ እኮ ነበረች» አልኩት።

«ዝም በይ! እህቴን በሬሳዋ ፊት አታዋርጂብኝ።»

ከቀብር መልስ ካሴቶቿን ልወስድ ቤቷ ሄድኩ። ለካ ጠዋቱን ጓሮ አቃጥሏቸው ኖሯል። የቀለጠው ፕላስቲክ ሽታ ዛሬም ከአፍንጫዬ አልወጣም፤ ድምጿን የምሰማበት ግን አንድም ነገር አልቀረልኝም።